የድመቷ ሐዲስና የባህሩ በቀቀን

 

አንዲት ሴት ድመት አስራ በረሃብ በመግደሏ ምክንያት ለእሳት እንደተዳረገች የሚናገረውን ሐዲስ ያልሰማ ሙስሊም ብዙ ያለ አይመስለኝም። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። ልጆች ቁርኣን ቤት ሳሉ ይሰሙታል፤ በኹጥባም ይነሳል። ሆኖም አብዛኞቻችን ከሐዲሱ የምንይዘው ግማሹን ብቻ ነው። ድመት አስርባ እሳት ገባች ብለን እናልፋለን። ሐዲሱ ግን የሴትየዋን በደል የገለጸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ አስራ ስታስቀምጣት አላበላቻትም፣ አላጠጣቻትም። ሁለተኛው፣ ከምድር ነፍሳት የራሷን ሲሳይ ፈልጋ እንድትበላ አልለቀቀቻትም።

ይህች ሁለተኛዋ ነጥብ ብዙ ነገር ይዛለች። እንስሳን ከሲሳዩ የለየ ሰው ያለው መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ ያንን ሲሳይ ራሱ ያቀርባል፣ ወይ እንስሳውን ወደ ሲሳዩ ይመልሳል። በድመት ጊዜ ነገሩ ቀላል ነው። ፍርፋሪውም አጥንቱም ከማንም ቤት አይጠፋም። ለመሆኑ ሲሳዩ በሰው እጅ ለመቅረብ የሚያስቸግር ፍጡር ቢኖርና አንድ ሰው መልኩ አምሮት፣ ወድዶትም ቤቱ ቢያስቀምጠው ፍርዱ ምንድን ነው? መውደዱ ይበቃዋልን?

ይህን እንዳነሳ ያደረገኝ አንድ የባህር ዓሣ ነው። ባህር ለሌላት አገራችን የባህር ዓሣ ጉዳይ ምኗ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ልጆቻችንና እህቶቻችን ዛሬ በብዛት ያሉት ከባህሩ ማዶ ነው፤ የማዶው ቤት ሥራም ጥያቄውም የእነሱ ሆኗል። ቀደም ሲል እኔ ዘንድ ትቀራ የነበረች፣ አሁን ጂዳ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት እህት ድምፅዋን በስልክ ቀርጻ ላከችልኝ። «ኡስታዝ፣ አሠሪዎቼ ሳሎን ውስጥ ትልቅ የመስተዋት የዓሣ ገንዳ አላቸው። የምጠብቀውም የማጸዳውም እኔ ነኝ። አሁን አፉ እንደ በቀቀን የሆነ ዓሣ ገዝተው አመጡ። የምሰጠውን አይነካም፤ ሆዱ እየገባ ሄደ። ቢሞት ወንጀሉ በኔ ላይ ነው ወይ?» የሚል ነበር።

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ትንሽ ግን አይደለም። መልስ ከመስጠት በፊት ፍጡሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ኡለሞቻችን በአንድ ነገር ላይ ፍርድ መስጠት ያን ነገር ከማወቅ የሚመነጭ ነው ይላሉና።

በቀቀን ዓሣ የሚባለው አንድ ዓይነት አይደለም። በዓለም ሞቃት ባህሮች ውስጥ መቶ ያህል ዝርያዎች አሉት፤ አንዳንዶቹ በቀይ ባህር ይገኛሉ። የባህሩ ዳርቻ ዐረቦች «ሐሪድ» ብለው ይጠሩታል። እ.ኤ.አ. በ1763 በየመን ምድር የሞተው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፒተር ፎርስኮል አንዱን ዝርያ ሲመዘግብ ከዚሁ የዐረብኛ ስም ሌላ አልፈለገም፤ ከሞተ በኋላ በ1775 በታተመው መጽሐፉ ሐሪድ ብሎት ዛሬም የሳይንስ ስሙ ሆኖ ቀርቷል። በጃዛን ክልል በሚገኙት የፈረሳን ደሴቶች ይህ ዓሣ በዓመት አንድ ጊዜ በመንጋ ወደ ዳርቻው ስለሚመጣ ሕዝቡ ወጥቶ እየያዘ ይደሰትበታል፤ «የሐሪድ በዓል» ይሉታል። የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ወደ ሐበሻ ሲሻገሩ ታንኳቸው ያለፈው በዚሁ ፍጡር መንደር ላይ ነበር።

ስሙን ያገኘው ከአፉ ነው። ጥርሶቹ እርስ በርስ ተጋጥመው እንደ ወፍ መንቁር ሆነዋል። በዚህ መንቁሩ የመርጃንን ድንጋይ ይፍቃል፤ ሲፍቅም ድምፁ በውሃ ውስጥ ለሚዋኝ ሰው ይሰማል። በጉሮሮው ውስጥ ደግሞ ሌላ ጥርስ አለው፤ የፋቀውን ድንጋይ እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል። የሚፈልገው ድንጋዩን አይደለም፤ በድንጋዩ ላይና ውስጥ የተጣበቀውን አረንጓዴ ልባስና በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ነፍሳትን ነው። ምግብ የሚያጠራቅምበት ጨጓራ አልተፈጠረለትም። ስለዚህ ከንጋት እስከ ምሽት ጥቂት በጥቂቱ ሲግጥ ይውላል። በሬ በልቶ ተኝቶ ያመሰኳል፤ ይህ ግን ማጀት የለውም፤ የዕለቱን በዕለቱ ነው።

የፈጨው ድንጋይ የት ይሄዳል? ነጭ አሸዋ ሆኖ ከሆዱ ይወጣል። ይህ ተረት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ጥናት በማልዲቭስ ቫካሩ በምትባል ደሴት ዙሪያ በየጊዜው ከሚፈጠረው አዲስ አሸዋ ከመቶ ከ85 በላይ የሚሆነውን የሚሠራው ይህ ዓሣ መሆኑን አሳይቷል። ማልዲቭስ የሙስሊም አገር ናት። እዚያ ያለ ወንድማችን በባህሩ ዳር ግንባሩን ለሱጁድ ሲያሳርፍ የሚያርፍበት ነጭ አሸዋ አንድ ፍጡር በሕይወት ዘመኑ ሲፈጭ የኖረው ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ ዓሣው ድንጋዩን ከአረም ስለሚያጸዳ አዲስ መርጃን መቀመጫ ያገኛል። በመካከለኛው አሜሪካ የምትገኘው ቤሊዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ይህን ዓሣ ማጥመድን የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነበር። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አር-ረሕማን ከሁለቱ ባህሮች ሉልና መርጃን እንደሚወጣ ሲነግረን የውበቱን ነገር እናስባለን፤ የመርጃኑን ጓሮ የሚያርመውን ሠራተኛ ግን ያሰበው ጥቂት ነው።

ሌሊትስ? አንዳንዶቹ ዝርያዎች ሲመሽ ከአካላቸው ዝልግልግ ነገር አውጥተው ራሳቸውን እንደ ከረጢት ይሸፍኑና በውስጡ ይተኛሉ። ይህን መሸፈኛ መሥራት እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ሊፈጅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ከረጢቱ በሌሊት ደም ከሚመጡ ደቂቅ ተባዮች እንደሚከላከልላቸው አረጋግጧል፤ እንደ ወባ አጎበር መሆኑ ነው። ሁሉም ነገር ያመሰግነዋል፣ እናንተ ግን ማመስገናቸውን አታውቁትም የሚለውን የሱረቱል ኢስራእ መልእክት ሳስብ እንዲህ ያለው ነገር ይታወሰኛል።

አሁን ወደ ሸሪዓው እንምጣ። እንስሳን ለማየትና ለመደሰት ብሎ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ በራሱ ሐራም ነው የሚል ካለ ያ ሰው ከሱና ርቋል። የአነስ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር ኑገይር የምትባል ትንሽ ወፍ ነበረችው፤ ይጫወትባት ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያንን አልከለከሉም። ወፏ ሞታ ልጁ ባዘነ ጊዜም ስለ ወፏ እየጠየቁ በፍቅር አጫወቱት። በ335 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት የሻፊዒይ ሊቅ ኢብኑል ቃስ ከዚህ አጭር ሐዲስ ስድሳ ያህል ቁም ነገሮች አውጥተው ራሱን የቻለ ጽሑፍ ጽፈውበታል። ወፍን አስሮ ማስቀመጥ እንደሚፈቀድ ኡለሞች የተረዱት ከዚሁ ነው። ስለሆነም የመስተዋት ገንዳ ባየን ቁጥር «ይህ የካፊሮች ልማድ ነው» እያልን ማውገዝ አይገባንም፤ ያለ ማስረጃ ሐራም ማለትም በአላህ ላይ መዋሸት ነው።

ፈቃዱ ግን ከነግዴታው ነው የመጣው። በአገራችን መሻይኾች ዘንድ ሲቀራ የኖረው የኢማም ነወዊ ሚንሃጅ በነፈቃ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ከሚስት፣ ከልጅና ከአገልጋይ ቀለብ ቀጥሎ የእንስሳን ቀለብ ያነሳል። ባለቤቱ መመገብና ማጠጣት ግዴታው ነው። እምቢ ካለ በሚበላ እንስሳ ጉዳይ ከሦስት አንዱን እንዲያደርግ ይገደዳል፤ እንዲመግብ፣ እንዲሸጥ ወይም እንዲያርድ። በማይበላው ደግሞ እንዲመግብ ወይም እንዲሸጥ። በ660 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ዒዙዲን ኢብኑ ዓብዱሰላምም እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን ሐቅ በዘረዘሩበት ቦታ፣ እንስሳው አርጅቶ ወይም ታሞ ጥቅም ባይሰጥ እንኳ ቀለቡ እንደማይቋረጥ፣ ከዓቅሙ በላይ እንደማይጫን፣ ከሚጎዳው ሌላ እንስሳ ጋር በአንድ ቦታ እንደማይደረግ ጽፈዋል። ይህ የመጨረሻው ለዓሣ ገንዳ የተጻፈ ይመስላል። ስንቱ ሰው ነው የሚናከሱትን ዓሦች ቀለማቸው ስላማረው ብቻ በአንድ ገንዳ የሚያጉር!

እንግዲህ መለኪያው ምንድን ነው? «መመገብ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ለበግ ሥጋ ያቀረበ ሰው መገብኩ ሊል አይችልም። ለግመል ዳቦ በየሰዓቱ ቢያቀርብም እንዲሁ። የመመገብ ትርጉም የሚለካው በመጋቢው ድካም ወይም በወጪው ሳይሆን በተመጋቢው ፍጥረት ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ሁድ የእያንዳንዱ ተንቀሳቃሽ ሲሳይ በእሱ ላይ መሆኑን፣ መኖሪያውንም እንደሚያውቅ ሲነግረን ሲሳዩንና መኖሪያውን በአንድ ላይ ነው ያነሳው። ለብዙ ፍጡር ሁለቱ ይለያያሉ። ለዚህ ዓሣ ግን ቤቱና ምግቡ አንድ ነው፤ የሚኖርበትን ይበላል፣ የሚበላው ውስጥ ይኖራል። ቤቱን ሳትወስድ ምግቡን መውሰድ አይቻልም።

በገንዳ ውስጥ ጤናውን መጠበቅ ምን እንደሚጠይቅ ልብ ብለን እንይ። በመጀመሪያ ውሃው። የባህር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ቀይ ባህር ወንዝ ስለማይገባበትና ሙቀቱ ስለሚያተነው ወደ 40 ይጠጋል። ከገንዳ ውሃ ሲተን ጨው አይተንም፤ ስለዚህ የጎደለውን በጨው ውሃ የሞላ ሰው ዓሣውን ቀስ በቀስ በጨው ይገድለዋል። መሞላት ያለበት በተጣራ ንጹሕ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው እንዲሁ አይገባም። ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ መሆን አለበት። አዲስ ገንዳ በተሞላ ማግስት ዓሣ አይገባበትም፤ ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን አሞኒያ የተባለ መርዝ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በማጣሪያው ውስጥ እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ይህ ሁሉ ግን ለማንኛውም የባህር ዓሣ የሚያስፈልግ ነው፤ ትጉህ ሰው ይወጣዋል።

የበቀቀን ዓሣ ችግር ከዚህ በኋላ ነው የሚጀምረው። በጠዋትና በማታ የሚበተንለትን ደረቅ መኖ ብዙ ጊዜ እንደ ምግብ አያየውም። ገንዳው ውስጥ ያለውን ድንጋይ ይግጣል። ጥቂት ድንጋይ ደግሞ ቶሎ ራቁቱን ይቀራል። በባህር ውስጥ በሰፊ ሜዳ የሚሠራው ሥራ በሳሎን ገንዳ ውስጥ በጥቂት ቀን ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሆዱ ይገባል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ጥግ ይይዛል። መንቁሩ ሳያቋርጥ የሚያድግ በመሆኑ የሚፍቀው ጠንካራ ነገር ካጣ አይሞረድም። ብዙዎቹ ዝርያዎች ሠላሳና ከዚያ በላይ ሴንቲ ሜትር ስለሚደርሱ፣ ግማሽ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚሆኑም ስላሉ፣ ለአንዱ ብቻ ከ1,000 ሊትር በላይ የሚይዝ ገንዳ እንኳ ጠባብ ነው። በየሰው ቤት የሚታየው ገንዳ የዚህን ሲሶ ከያዘ ትልቅ ይባላል።

ይበልጥ የገረመኝ የበሽታው ነገር ነው። በባህር ዓሦች ላይ ክሪፕቶካርዮን የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ይወጣል፤ ገላቸው ላይ ጨው የተበተነ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ያሳያል፤ ትንፋሻቸውን ያፋጥናል፤ ይገድላልም። ከሚታወቁት መድኃኒቶች አንዱ መዳብ ነው። መዳብ ግን በድንጋዩ ላይ የሚኖሩትን ደቂቅ ነፍሳት ይጨርሳል፤ ስለዚህ ታማሚው ድንጋይ ወደሌለው ባዶ ገንዳ ተለይቶ ለሳምንታት ይታከማል። ሌላ ዓሣ ከሆነ መኖውን እየበላ ይድናል። ይህ ዓሣ ግን ምግቡ ድንጋዩ ነው። ላድንህ ብለህ ታስርበዋለህ፤ ላብላህ ብለህ በሽታውን ትተውበታለህ። ይህን ሳነብ ሚንሃጁ ያነሳው የቀለብ ግዴታ ትዝ አለኝ። ከሁለት ግዴታ አንዱን ሳታፈርስ ሌላውን ልትወጣው የማትችለውን ነገር መጀመሪያውኑ በጫንቃህ ላይ መውሰድ ምን ይባላል?

አንዳንዶች ሲያቆዩት እንደሚታይ አልክድም። ተጨማሪ ድንጋዮችን ከገንዳው ውጭ በጨው ውሃ ዕቃ ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው አረንጓዴ ሲለብሱ እያፈራረቁ ያስገባሉ። የደረቀ የባህር ቅጠል በድንጋይ ላይ ያስሩለታል፤ በቀን ደጋግመው ይሰጡታል። ሲመሽም መብራቱን አጥፍተው አይረብሹትም። ይህን የሚያደርግ ሰው አላህ ይመንዳው እላለሁ፤ በያንዳንዱ ነፍስ ባለው ፍጡር ምንዳ እንዳለ የተጠማውን ውሻ ያጠጣው ሰው ሐዲስ አስተምሮናልና። ነገር ግን አልሞተም ማለት ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። እስረኛም አይሞትም። ጤና ማለት አንድ ፍጡር የተፈጠረበትን ሥራ ለመሥራት መቻሉ ከሆነ አሸዋ ሠሪው፣ መርጃን አጽጂው፣ ከመንጋው ጋር የሚሰማራው ፍጡር በመስተዋት ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ጤናው የቱ ጋ ነው? በሱረቱል አንዓም እንስሳት እንደኛው ሕዝቦች መሆናቸው ተነግሮናል። አንድን ግለሰብ ከሕዝቡ መለየት ቀላል ነገር ተደርጎ መታየት የለበትም።

እዚህ ላይ ከአንባቢ የሚነሳ ብርቱ ጥያቄ አለ። «ኡስታዝ፣ ይህንኑ ዓሣ በፈረሳን እየያዙ ይበሉታል ብለህ የለም? አላህ የባህርን አደን ሐላል አድርጎልናል። መግደል ከተፈቀደ በሕይወት ማኖር እንዴት ይከፋል?» ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ በቀልድ የሚታለፍም አይደለም። እኔም ለጥቂት ቀናት አሰላስየዋለሁ።

መልሱ ያለው የተፈቀደው ነገር ምን እንደሆነ በመለየት ውስጥ ይመስለኛል። ሸሪዓ የፈቀደልን የእንስሳውን ነፍስ ለጥቅማችን መውሰድን ነው፤ ማሰቃየትን ግን በየትኛውም ቦታ አልፈቀደም። እንዲያውም በሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ የሚያርድ ሰው ቢላውን እንዲስል፣ የሚታረደውንም እንዲያሳርፍ ታዟል። በሌላ ሐዲስም ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ሕያው ወፍ አስረው ዒላማ ያደረጉ ወጣቶችን ባዩ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ ያደረገን ሰው መርገማቸውን ነገሯቸው። ልብ በሉ፤ ያቺን ወፍ አርደው ቢበሏት ኖሮ የሚወቅሳቸው አልነበረም። ሞት ራሱ አይደለም የተወገዘው፤ ስቃይዋ ለጨዋታ መዋሉ ነው። እንግዲህ በአንድ ቀን ተይዞ የተበላው ዓሣ ሞተ፤ ሰዎች ጠገቡበት፤ አላህን አመሰገኑ። በመስተዋት ውስጥ ለሳምንታት ወይም ለወራት እየከሳ የሚሞተው ግን ማንን አጠገበ? የእንግዶችን ዓይን? ስለዚህ የመብላት ፈቃድ የማስራብ ፈቃድ ሊሆን አይችልም። ሐዲሱ ላይ የተጠቀሰችው ሴትም ጥፋቷ የድመቷ መሞት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሐዲሱ ማሰሩንና አለመልቀቁን ለይቶ ባልዘረዘረ ነበር።

ሌላው ምክንያት ተፈኩር ነው። ልጆች የአላህን ጥበብ በዓይናቸው አይተው ይደነቃሉ ይባላል። እውነት ነው፤ ይደነቃሉ። በዚህ የምከራከር አይደለሁም። ግን ለተፈኩር ይህን ዓሣ ብቻ ማስቀመጥ ግድ ነው? በሰው እጅ ተራብተው ያደጉ፣ የሚሰጣቸውን በደስታ የሚበሉ፣ በመጠነኛ ገንዳ የሚኖሩ ትናንሽ ዓሦች ሞልተዋል። በበቀቀን ዓሣ በኩል ግን ለገበያ የሚቀርበው ከባህር የተያዘ ነው። አያያዙም ሁሌ ንጹሕ አይደለም። በፊሊፒንስ ከ1960ዎቹ ጀምሮ፣ በኋላም በኢንዶኔዥያ አንዳንድ አጥማጆች ለገንዳ የሚሸጡ ዓሦችን ለማደንዘዝ ሳያናይድ የተባለ መርዝ በመርጃኑ ላይ ሲረጩ ኖረዋል፤ መርዙ ዓሣውንም መርጃኑንም ይጎዳል። ቤቱ ተመርዞ የተወሰደን ፍጡር እያዩ የአላህን ጥበብ ማድነቅ ለኔ አይዋጥልኝም።

የእህታችን ጥያቄ ታዲያ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እያንዳንዳችሁ እረኛ ናችሁ ባሉበት ሐዲስ ውስጥ አገልጋይም በአሠሪው ንብረት ላይ እረኛ መሆኑ ተጠቅሷል። ስለዚህ ኃላፊነቷ አለ፤ ልክ ግን አለው። ያልገዛችው፣ ያልመረጠችው፣ ልትሸጠውም የማትችለው ፍጡር ነው። አላህ ነፍስን ከችሎታዋ በላይ አያስገድድም። በእሷ ላይ ያለው ሦስት ነገር ነው። የምትችለውን ማድረግ፤ ይኸውም የጎደለውን ውሃ በንጹሕ ውሃ መሙላት፣ ሳሙና በነካው እጅ ገንዳ አለመንካት፣ ድንጋይ እያፈራረቁ ማስገባት፣ የባህር ቅጠል ማሰር። ሁለተኛ፣ ያየችውን ሳትደብቅ ለቤቱ ባለቤት መናገር፤ ሆዱ መግባቱን፣ ይህ ዓሣ በዚህ ገንዳ እንደማይኖር። ሦስተኛ፣ ተስፋ ቆርጣ ወስዳ ባህር ውስጥ አለመጣል። የሰው ንብረት ከመሆኑም ሌላ ዓሣው ከሌላ ባህር የመጣ ወይም በሽታ የያዘ ሊሆን ይችላል። አንበሳ ዓሣ የሚባለው የህንድና የፓስፊክ ውቅያኖስ ፍጡር እ.ኤ.አ. በ1985 በፍሎሪዳ ዳርቻ ታየ፤ ከቤት ገንዳ የተለቀቀ እንደሆነ ይታመናል፤ ዛሬ የዚያን ባህር ትናንሽ ዓሦች እየፈጀ ነው። በሐዲሱ መልቀቅ ሲባል ወደ ሲሳዩ መመለስ ነው፣ የትም መወርወር አይደለም። ወደ ሻጩ መመለስ ወይም ትልቅ ገንዳ ላለው የሕዝብ አኳሪየም መስጠት የባለቤቱ ፋንታ ነው። ይህን ነግራ ካልሰሟት ከወንጀሉ ነፃ ናት፤ ወንጀሉ በባለቤቱ ላይ ይሆናል።

መቼም ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር አለ። የገንዳውን ሙቀት በየጠዋቱ «ስንት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ቤት ገንዳውን የምትጠብቀው ልጅ ስንት ሰዓት እንደተኛች ይጠይቅ እንደሆነ አላውቅም። እሷ አላማረረችም፤ እኔም በሌሉበት አልከሳቸውም። ግን በአቡ ዘር (ረ.ዐ) በተላለፈው ሐዲስ አገልጋይን ከሚበሉት ማብላት፣ ከሚለብሱት ማልበስ፣ ከዓቅም በላይ አለማዘዝ ታዟል፤ የቀለቡ ምዕራፍም አገልጋይን ከእንስሳ ቀድሞ ነው ያነሳው።

የቀረው የሻጩ ጉዳይ ነው። በገንዳ ገበያ ተፈላጊ የሆነ አንድ ዝርያ አለ፤ ሕፃን ሳለ ገላው ነጭ ሆኖ ራሱ ላይ ሰፊ ብርቱካናማ መቀነት አለው። በጣት ያህል ቁመቱ ሲታይ ማንንም ያማልላል። ሲያድግ ግን ያ መልክ ይጠፋል፤ ወደ ግማሽ ሜትር ይጠጋል። ነጋዴው ይህን ያውቃል፤ ድንጋይ እንጂ መኖ እንደማይበላም ያውቃል። ሳይናገር ገንዘቡን ቢቀበል ምን ይባላል? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥር እርጥቡን ባገኙ ጊዜ ያወገዙት ነጋዴ ያደረገው ከዚህ አይለይም፤ ዓይቡን ከሥር አድርጎ ያማረውን ከላይ አሳየ። በሸቀጡ ላይ ያለውን ነውር መናገር የሻጭ ግዴታ ነው፤ የዚህ ዓሣ ነውር ደግሞ በገላው ላይ የሚታይ ሳይሆን በቤታችን መጥበብ ውስጥ ያለ ነው። ገዢውም ቢሆን «ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት «ምን ይበላል? ምን ያህል ያድጋል?» ቢል አይጎዳም።

በንጹሕ ውሃ ዓሦች ገበያም በቀቀን ተብሎ የሚሸጥ ሌላ ብርቱካናማ ዓሣ አለና እንዳይምታታ። ያኛው የባህር ፍጡር አይደለም። በ1980ዎቹ ታይዋን ውስጥ ሰዎች ዝርያ አዳቅለው ያወጡት ነው፤ አፉ በደንብ አይገጥምም፤ አንዳንዱም ቀለም ይነከራል። የሱ ጉዳይ ከቀለብ ይልቅ የአላህን አፈጣጠር ከመለወጥ ጋር የሚያያዝ ሰፊ ጉዳይ ስለሆነ ኡለሞች ለብቻው ሊያዩት የሚገባ ነው። ወላሁ አዕለም።